ይድረስ ለስፖርት ጋዜጠኞች፤ የመረብ ኳስ ሰዎችን በወርቅ ብቻ አትመዝኑብን

ይድረስ ለአገራችን የሬዲዮና የቴሌቪዥን ስፖርት ጋዜጠኞች፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ስሜን አታውቁትም። እኔ ግን ድምፃችሁን በየቀኑ እሰማለሁ። ጠዋት ታክሲ ውስጥ፣ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ። አንድ የእንግሊዝ ክለብ ተጫዋች ጉልበቱን ሲያመው የቀኙ ይሁን የግራው የምሰማው ከእናንተ ነው። ቅሬታ አይደለም፤ እኔም እግር ኳስ ነፍሴ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ መረብ ኳስ ነው።

ነሐሴ 5 ቀን 2016ን አስታውሱልኝ። የፓሪስ ኦሊምፒክ የመዝጊያ ቀን ነበር። ጠዋት ትዕግሥት አሰፋ በማራቶን ብር አገኘች። ከሲፋን ሀሰን ጋር መጨረሻው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋፉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ቀኑን ሙሉ እሱን ሲያወራ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እዚያው ፓሪስ የሴቶች መረብ ኳስ ፍጻሜ ተካሄደ። ማታ ሬዲዮ ከፍቼ ጠበቅኩ። "በሴቶች መረብ ኳስ ጣሊያን አሜሪካን 3 ለ 0 አሸንፋ ወርቅ ወስዳለች" ተባለ። አለቀ። ቀጥሎ የዝውውር ወሬ ገባ።

ዜናው ስህተት የለበትም። ግን ያን ቀን በመስመሩ ዳር ቆመው የነበሩት ሁለት አሰልጣኞች እነማን እንደሆኑ ብትነግሩን ኖሮ፣ ታክሲ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መውረጃው አልፎት ይሄድ ነበር።

በጣሊያን በኩል የቆመው ኹሊዮ ቬላስኮ ነው። ትውልዱ አርጀንቲና፣ ላ ፕላታ ከተማ። ያን ቀን 72 ዓመቱ ነበር። የጣሊያንን የወንዶች ቡድን የተረከበው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በ1990 እና በ1994 የዓለም ሻምፒዮን አደረጋቸው። ክፍለ ዘመኑ ሲዘጋ ዓለም አቀፉ የመረብ ኳስ ፌዴሬሽን የ20ኛው ክፍለ ዘመን ምርጥ የወንዶች ቡድን ብሎ የመረጠው የእነዚያን ዓመታት ጣሊያን ነው። ከተጫዋቾቹ አንዱ ሎሬንዞ ቤርናርዲ ደግሞ ከአንድ አሜሪካዊ ጋር እኩል ሆኖ የክፍለ ዘመኑ ምርጥ ወንድ ተጫዋች ተባለ። ይህ ሁሉ ሆኖ የኦሊምፒክ ወርቅ የለም። በ1996 አትላንታ ላይ ለፍጻሜ ደርሰው በኔዘርላንድ 3 ለ 2 ተሸነፉ። አምስተኛው ዙር 17 ለ 15 ነው ያለቀው። ሁለት ነጥብ!

("ዙር" እያልኩ ነው የምቀጥለው። ተጫዋቾቹ "ሴት" ነው የሚሉት፤ እንደዚያ ከጻፍኩ ግን "የመጀመሪያዋን ሴት አሸነፈ" እየሆነ ነገር ይበላሻል።)

ከዚያ በኋላ ቬላስኮ ስፔንን አሰለጠነ፣ ኢራንን አሰለጠነ፣ የትውልድ አገሩን አርጀንቲናን አሰለጠነ። ሽማግሌ ሆነ። በስተመጨረሻ የጣሊያንን የሴቶች ቡድን ሰጡት። የጣሊያን ሴቶች እስከዚያ ድረስ ከኦሊምፒክ ነሐስ እንኳን ይዘው ተመልሰው አያውቁም። ፓሪስ ላይ ወርቁን ወሰዱ። ከናይጄሪያውያን ወላጆች ጣሊያን ውስጥ የተወለደችው ፓኦላ ኤጎኑ የውድድሩ ኮከብ ተባለች። ከአትላንታ እስከ ፓሪስ 28 ዓመት ነው። አንድ ልጅ ተወልዶ፣ ተምሮ፣ አግብቶ የሚወልድበት ጊዜ።

አሁን ደግሞ ከመረቡ ማዶ ያለውን እዩት። ካርች ኪራይ። አዎ፣ ልክ እንደ ቤት ኪራይ ነው የሚነበበው። በሀንጋሪኛ ግን ንጉሥ ማለት ነው። አባቱ የሀንጋሪ ሰው ናቸው፤ ከ1956ቱ አመፅ በኋላ አገራቸውን ጥለው የወጡ። ልጃቸውን መረብ ኳስ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። 11 ዓመቱ ላይ የመጀመሪያውን የባሕር ዳርቻ ውድድር የተጫወተው ከአባቱ ጋር ተጣምሮ ነው። ቅድም "አንድ አሜሪካዊ" ያልኳችሁ፣ ከቤርናርዲ ጋር ክብሩን የተካፈለው፣ እሱ ነው። በ1984 እና በ1988 በአዳራሽ መረብ ኳስ ወርቅ አገኘ። በ1996 የአሸዋ መረብ ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ሲገባ ከኬንት ስቴፍስ ጋር ሆኖ እሱንም ወሰደው። በአዳራሽም በአሸዋም የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው ተጫዋች እሱ ብቻ ነው። ከዚያ አሰልጣኝ ሆነና የአሜሪካን ሴቶች በቶኪዮ ለመጀመሪያው ወርቃቸው አበቃ። እናንተ በአንድ ትንፋሽ "አሜሪካን 3 ለ 0" ያላችሁት ቡድን አሰልጣኝ ይህ ሰው ነበር።

እንግዲህ አስቡት። አንዱ ለ28 ዓመት ያመለጠውን የሚፈልግ፣ ሌላው በዚህ ስፖርት ሊገኝ የሚችለውን ወርቅ ሁሉ የሰበሰበ። ያን ቀን በአንድ ሜዳ ተገናኙ። ትዕግሥት ብር ይዛ ስትመጣ "ብር ብቻ" ያላት ኢትዮጵያዊ አልሰማሁም። እንዴት እንደተገኘ ስላየን ነው። ለመረብ ኳስ ሰዎችም የምለምናችሁ ይህንኑ ነው። ውጤቱን ስትነግሩን መንገዱንም ጨምሩልን።

በእርግጥ የመረብ ኳስ ዓለም ትንሽ ሰፈር ነው። እንደ እቁብ ዕጣው ይዞራል እንጂ አባላቱ ያው ናቸው። ላንግ ፒንግን ውሰዱ። ቻይናዊት ናት፤ በአገሯ "የብረት መዶሻ" ይሏታል፣ በምቷ። በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ቻይና በፍጻሜው አሜሪካን 3 ለ 0 ስታሸንፍ የቡድኑ ዋና አጥቂ እሷ ነበረች። ተጫዋችነቱን ስታቆም አሜሪካ ሄዳ ተማረች። ወደ አገሯ ተመልሳ አሰልጣኝ ሆነችና በ1996 ቻይናን ለፍጻሜ አደረሰች፤ ኩባ አሸነፈቻት። በ2008 ደግሞ ማንን ይዛ መጣች? አሜሪካን! ያውም ኦሊምፒኩ ቤጂንግ ላይ ነው። በምድብ ጨዋታ የገዛ አገሯን በገዛ አገሯ ሜዳ 3 ለ 2 አሸነፈች። እንዲህ ያለ ነገር እኛ አገር ቢሆን ኖሮ ስንት ሰዓት ይወራ እንደነበር ራሳችሁ ገምቱ። ከዚያ ፍጻሜ ደረሰች፤ ብራዚል አሸነፈቻት። እንደገና ብር። ወርቁን በአሰልጣኝነት ያገኘችው በ2016 ሪዮ ላይ ነው፣ ቻይናን ይዛ፣ ሰርቢያን 3 ለ 1 አሸንፋ። በተጫዋችነትም በአሰልጣኝነትም የኦሊምፒክ መረብ ኳስ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሰው ሆነች። ሁለተኛው ማን መሰላችሁ? ከአምስት ዓመት በኋላ ኪራይ።

በ2008 ላንግ ፒንግን ያሸነፋት የብራዚሉ ዜ ሮቤርቶ ጊማራይስም የራሱ ጉድ አለው። በ1992 የብራዚልን ወንዶች ለወርቅ አበቃ። በ2004 አቴንስ ላይ ሴቶቹን ይዞ ከሩሲያ ጋር ግማሽ ፍጻሜ ተጫወተ። ብራዚል 2 ለ 1 እየመራች፣ በአራተኛው ዙር 24 ለ 19 ደርሳ አንዲት ነጥብ ብቻ ቀራት። አንዲት! ተሸነፉ። ያ ጨዋታ ብራዚል ውስጥ ዛሬም ያማል ይባላል። ከአራት ዓመት በኋላ ወርቁን ወሰዱ፣ በ2012 ደገሙት። በወንድም በሴትም የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው አሰልጣኝ እሱ ብቻ ነው። ግን 24 ለ 19ን ካልነገራችሁን የ2008ቱ ወርቅ ምን ያህል እንደሚከብድ አይገባንም።

ሜዳሊያ ቁጠራ ጨርሶ የማይመዝናት ሰው ደግሞ አለች፣ ፍሎ ሃይማን። አሜሪካዊት ናት፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ96። በ1980 አሜሪካ የሞስኮን ኦሊምፒክ አልሳተፍም ብላ ስትረግጥ የእሷም ዕድል አብሮ ተረገጠ። (እኛም በ1984 እና በ1988 ቀርተን የሯጮቻችን ዕድሜ አልፏልና ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገኝም። ኩባም እንደዚያው።) በ1984 ላንግ ፒንግ ወርቅ ስትወስድ ከመረቡ ማዶ ብር ያገኘችው ሃይማን ነች። ከዚያ ጃፓን ሄዳ በክለብ ተጫወተች። ጃንዋሪ 24 ቀን 1986 ማትሱዌ ከተማ ውስጥ በጨዋታ መሀል ተቀይራ ወጣች። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እዚያው ወደቀች። 31 ዓመቷ ነበር።

መጀመሪያ የልብ ድካም ነው ተባለ። ቤተሰቧ አስከሬኑ ይመርመር አለ። ማርፋን ሲንድረም የሚባል፣ ቁመተ ረጃጅም ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታይ፣ ዋናውን የደም ቧንቧ የሚያሳሳ በሽታ ሆኖ ተገኘ። ወንድሟ ሲመረመር እሱም አለበት፤ በቀዶ ሕክምና ተረፈ። የእሷ ሞት የወንድሟን ሕይወት አተረፈ ማለት ነው። በ1988 ስሟ ዓለም አቀፉ የመረብ ኳስ የክብር አዳራሽ ውስጥ ገባ። አንድም የኦሊምፒክ ወርቅ ሳይኖራት።

ስለዚህ አዳራሽ ጥቂት ልበል። ያለው ሆሊዮክ ነው፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ያለች የወረቀት ፋብሪካ ከተማ። ለምን እዚያ? ጨዋታው የተወለደው እዚያ ስለሆነ ነው። በ1895 ዊሊያም ሞርጋን የሚባል ሰው በከተማዋ ወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) የአካል ማጎልመሻ ኃላፊ ነበር። ወወክማን አዲስ አበባ ያደገ ትልቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ ራሴ ኳስ መምታት የጀመርኩት ወወክማ ያሰለጠነው ሰው አስተምሮኝ ነው። ቅርጫት ኳስ ከአራት ዓመት በፊት እዚያው አቅራቢያ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ተፈጥሯል። ግን ለጎልማሳ ነጋዴዎች ከበዳቸው። ሞርጋን መሀል ላይ መረብ ወጠረና እንዳትነካኩ አላቸው። ስሙንም ሚንቶኔት አለው። ደግነቱ በዓመቱ ስሙ ተቀየረ። አዳራሹ በ1985 መጀመሪያ ያከበረው እሱን ነው። ሞርጋን በ1942 ሞቷል፤ ጨዋታው ኦሊምፒክ ሲገባ አላየም።

ስለ ኩባ ሴቶች ሳልናገር ብዘጋ ጓደኞቼ አይምሩኝም። 1992፣ 1996፣ 2000፦ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ በተከታታይ። የሲድኒው ፍጻሜ ላይ ሩሲያ 2 ለ 0 መርታ ነበር። ኩባዎቹ ሦስቱን ዙር በተከታታይ ወስደው 3 ለ 2 ጨረሱ። ሬግላ ቶሬስ ባርሴሎና ላይ ወርቅ ስታገኝ 17 ዓመቷ ነበር፤ በኋላ የክፍለ ዘመኑ ምርጥ ሴት ተጫዋች ተባለች። ሚሬያ ሉዊስ ቁመቷ 1 ሜትር ከ75 ብቻ ነው። ስትዘል ግን እጇ ከ3 ሜትር ከ30 በላይ ይደርሳል። የሴቶች መረብ ቁመቱ 2 ሜትር ከ24 ነው፤ ልዩነቱን ራሳችሁ አስሉት። ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ ደግሞ ኤውሄኒዮ ጆርጅ የሚባል አሰልጣኝ አለ። የክፍለ ዘመኑ ምርጥ የሴቶች አሰልጣኝ ብለውታል። በ2014 ሲሞት እኛ ጋ አንዲት መስመር ዜና ሲነገር አልሰማሁም።

የማያጠቃ ሰውስ? በመረብ ኳስ ሊቤሮ የሚባል ተጫዋች አለ፤ ማሊያው ከሌሎቹ የተለየ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የመጣ ቦታ ነው። ሥራው ኳስ ከመሬት ማዳን ነው። ከመረቡ በላይ ያለ ኳስ አይመታም፣ ብሎክ አይወጣም፣ በዓለም አቀፉ ሕግ ሰርቭ አይለጋም። ነጥብ ማስቆጠር የሚባል ነገር ከእሱ አይጠበቅም። ታዲያ በ2016 ሪዮ ላይ ብራዚል ወርቅ ስትወስድ የወንዶች ውድድር ኮከብ የተባለው ሰርጂዮ ሳንቶስ ነው። ሊቤሮ! ያውም በ40 ዓመቱ። ይህችን ለልጆች ብትነግሩልኝ ደስ ይለኛል። በየትምህርት ቤቱ መምታት እንጂ መቀበል የሚፈልግ ልጅ የለማ።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ።

መረብ ኳስ ኦሊምፒክ የገባው በ1964 ቶኪዮ ላይ ነው። የሴቶቹን ወርቅ የወሰደችው ጃፓን ናት። ከቡድኑ አብዛኞቹ ኒቺቦ የሚባል የፈትልና የጨርቃ ጨርቅ ድርጅት ካይዙካ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ቀን ይሠራሉ፣ ከሥራ መልስ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ይለማመዳሉ። አሰልጣኛቸው ሂሮቡሚ ዳይማትሱ "ጋኔኑ" ይባል ነበር። መሬት ላይ ተንከባሎ ኳስ ማንሳትን ያስተማራቸው እሱ ነው። ጭካኔው ዛሬ ቢሆን ያስከስሰው ነበር፤ እኔም አላሞግሰውም። ግን የሶቪየት ኅብረትን ቡድን 3 ለ 0 ሲያሸንፉ ያንን ጨዋታ በጃፓን በቴሌቪዥን የተከታተለው ሕዝብ ልኬት 66.8 በመቶ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ዡ ኤንላይ ሰውዬውን ጋብዘው የቻይና ሴቶችን እንዲያሰለጥን አደረጉ። የላንግ ፒንግ ትውልድ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። የፈትል ሠራተኞቹ ታሪክ እስከ ሪዮ ድረስ ይጎተታል ማለት ነው።

ይህ ታሪክ እኔን የሚነካኝ በምክንያት ነው። እኔም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰው ነኝ። ስሙን አልጠራም። በእኛ ጊዜ እያንዳንዱ ፋብሪካ ማለት ይቻላል ቡድን ነበረው። የመረብ ኳሳችን ታሪክ የፋብሪካ ታሪክ ነው፤ ሙገር ሲሚንቶን የማያውቅ የመረብ ኳስ ሰው የለም። ወላይታ ድቻም ከእግር ኳሱ ሌላ በመረብ ኳስ ስም ያለው ክለብ ነው። የእኛ ቡድን እንደነሱ ትልቅ አልነበረም። በሠራተኞች ውድድር ግን ያስፈሩናል የሚባል የለም ነበር። ጉልበቴ ሲሰናከል ነጥብ መዝጋቢ ሆንኩ።

የሴቶቹ ቡድን ሴተር (ለአጥቂዋ ኳስ የምታነሳው) የነበረችው ልጅ ክር ማጠንጠኛ ክፍል ነበር የምትሠራው። የተበጠሰ ክር በሰከንድ ትቋጥራለች። ኳስም ስታነሳ እንደዚያው ነበረች፤ ጣቷ ላይ የቆየ አይመስልም፣ አጥቂዋ ግን ሁልጊዜ በቦታው ታገኘዋለች። ሰው የሚያጨበጭበው ለአጥቂዋ ነው። ሦስት ዋንጫ አመጡ። ፋብሪካው ባለቤት ሲቀይር ቢሮ ተዛወረ፣ ዋንጫዎቹ በካርቶን ታሽገው ወጡ፣ ከዚያ ወዲህ ያያቸው ሰው የለም። ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኩ። አንዱ ጊዜ "የቱ ዋንጫ?" አሉኝ። ሁለተኛውን ጊዜ ጥበቃው አላስገባኝም።

ስለዚህ ልመናዬ ሁለት ነው፤ ምናልባትም አንድ ነው። ስለ ውጭዎቹ ስታወሩ መንገዳቸውንም አውሩልን። ሳምንት ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ከዝውውር ወሬው ላይ ብትቀንሱ ማንም አይሞትም። ጎረቤታችን ኬንያ በ2023 የአፍሪካን የሴቶች ዋንጫ ወስዳ በፓሪስ ኦሊምፒክ ተጫውታለች፤ ከዚያ ብትጀምሩም ጥሩ ነው። በዚያው ግማሽ ሰዓት ደግሞ የእኛዎቹን አሮጌ ተጫዋቾችና አሰልጣኞች አቅርቡ። በየሰፈሩ አሉ። ማን መቼ የት ተጫወተ፣ ማን አሰለጠነው፣ ማን አሸነፈው፣ በቃላቸው ሳሉ ይመዝገብ። ለፌዴሬሽኑም ሆነ ለክለቦቹ መነሻ ይሆናል። ሆሊዮክ የሚያህል አዳራሽ አልጠየቅኩም። አንድ መዝገብና አንድ መደርደሪያ ነው።

እኔ በበኩሌ ደብተሬ አለኝ። ባለ 100 ቅጠል፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ። የዘጠኝ ዓመት ጨዋታ አለበት፦ ቀን፣ ተጋጣሚ፣ የየዙሩ ነጥብ፣ የተሰለፉት ስም። የሚፈልግ ጋዜጠኛ ካለ ቡናውን እኔ እጋብዛለሁ፤ ደብተሩን ግን እያየሁት ነው የሚገለበጠው። ብትመጡ ቶሎ ብትመጡ ይሻላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የጻፍኩት በእርሳስ ነው። የሴተሯ ስም በአንዳንዱ ገጽ ላይ ያለ መነጽር አይነበብም፣ በአንዳንዱ ላይ በመነጽርም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ነጥብ መዝጋቢ
አዲስ አበባ